ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ የኤልኢዲ አምፖል እንዴት ይመረጣል?

የሳሎናችንን አምፖሎች በሙሉ በአንድ ቀን ቀየርኳቸው። ካርቶናቸው ላይ «ዋርም ዋይት» (ሞቅ ያለ ነጭ) ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አላነበብኩም። ማታ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ደንግጬ «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት። ደህና ነኝ አለች። ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ፣ ገና ባልቀየርኩት አሮጌ አምፖል ሥር ስታልፍ ግን መልኳ ተመለሰ። ያኔ ነው ጥፋቱ የመብራቱ እንደሆነ የገባኝ። ካርቶኑ ስለ ቀለሙ አልዋሸም፤ እኔ ግን ማየት የነበረብኝን ሌላ ቁጥር አላየሁም። ከዚያ ወዲህ አምፖል የምመርጠው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መግጠሙን ያረጋግጡ

አሮጌውን አምፖል ነቅለው ይዘው ይሂዱ። ከሚጠመዘዙት ወፍራሙ ኢ27፣ ቀጭኑ ኢ14 ይባላል፤ ቁጥሩ የጥምዙ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ገፋ ተደርጎ የሚዞረው፣ ከጎኑ ሁለት ጉጥ ያለው ደግሞ ቢ22 ነው።

ዋቱን ትተው ሉመኑን ያንብቡ

ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርዎትም። ብርሃኑ የሚለካው በሉመን ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት የክር አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ያንኑ ብርሃን ኤልኢዲ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። የ40 ዋቱን ለመተካት 450 ሉመን፣ የ100 ዋቱን ለመተካት 1,500 ወይም 1,600 ሉመን ይፈልጉ።

ብዙ ሰው «ቢጫ መብራት ቤት ያጨልማል» ይላል። ቤቱን የሚያጨልመው ቢጫነቱ አይደለም፣ የሉመኑ ማነስ ነው። 800 ሉመን የሚያስፈልገው ክፍል ውስጥ 450 ሉመን ሰቅሎ ቀለሙን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ኬልቪኑ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ይሞቃል

ኬልቪን (K) የብርሃኑን ቀለም የሚናገረው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑም የሚሞቅ ይመስላቸዋልና። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል። የኬልቪን ቁጥርም የተወሰደው ከዚሁ ነው፤ ትንሹ ቁጥር የፍሙን ቀለም ይሰጥዎታል፣ ትልቁ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን። የሻማ ብርሃን 2,000 አይሞላም፣ የድሮው የክር አምፖል 2,700 አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ «ዴይላይት» (የቀን ብርሃን) ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ 6,500 ነው።

እኔ ለመኝታ ቤትና ለሳሎን 2,700፣ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት 3,000 እመርጣለሁ። ከ4,000 በላይ ያለውን ለሥራ ጠረጴዛ ካልሆነ ቤት ውስጥ አላስገባም። «ዋርም ዋይት» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ 2,700ም 3,000ም በዚሁ ስም ይሸጣሉ። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲበሩ ልዩነታቸው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የአንድ ክፍል አምፖሎች ከአንድ አምራች፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው፣ በአንድ ጊዜ የተገዙ ይሁኑ።

ዋናው ነገር፦ የቀለም ታማኝነት

የእናቴን ፊት አመድ ያስመሰለው ይኸኛው ነው። የቤት ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለችው ትንሿ ቁራጭ በተፈጥሮዋ የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። (ይህን ሰማያዊ ብርሃን ለማውጣት ዓመታት የደከሙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።) ቁራጯ ላይ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ንጥረ ነገር ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል፤ ድብልቁ ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል። አምራቹ በፎስፈሩ ላይ ሲቆጥብ ግን ቀዩ ይጎድላል። ብርሃኑ ራሱ ሲታይ ሞቅ ያለ ነው፤ ያረፈበት ቆዳ፣ እንጨትና ቀይ ጨርቅ ግን ይደበዝዛል።

ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር ሲአርአይ (CRI) ይባላል። ከፍተኛው 100 ነው፤ የክር አምፖል ወደዚያ ይጠጋል። ገበያ ላይ የሚበዛው 80 ነው። ለሰው ፊትና ለልብስ ብርሃን ከሆነ ከ90 በታች አልገዛም። ልብ ይበሉ፤ ሲአርአይ የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው፣ ደማቁ ቀይ በስሌቱ ውስጥ የለም። እሱ ለብቻው አር9 (R9) ተብሎ ይለካል፤ 80 ያመጣ አምፖል በአር9 ዜሮ አጠገብ ሊወድቅ ይችላል። አር9 ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ካገኙ 50ና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ።

አምፖሉ ላይ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ካዩ ሁሉም ነገር እዚያው አለ። 827 ማለት ሲአርአዩ በ80ዎቹ ውስጥ፣ ኬልቪኑ 2,700 ነው። 927 ከሆነ ሲአርአዩ 90ና ከዚያ በላይ ነው። እኔ የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው።

ቁጥር ያልተጻፈበት ከሆነ ወይም ጽሑፉን ካላመኑት አንድ ብቻ ገዝተው በመሸ ጊዜ ይሞክሩት። ሌላውን መብራት ሁሉ ያጥፉና ዓይንዎ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ መዳፍዎን ከአምፖሉ ሥር ይዘርጉ። ጥሩ ከሆነ የደሙ ቅላት በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ ዙሪያ ይታያል፤ መጥፎ ከሆነ መዳፍዎ ግራጫ ይሆናል። ቀይ ጨርቅም አጠገቡ ያድርጉ፤ ወደ ቡናማ ካደላብዎ ያንን አምፖል ለሳሎን አይድገሙት።

ብልጭታውን ይፈትሹ

በ50 ኸርዝ መስመር ላይ የሚሠራ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል። ዓይን ባያየውም አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። እስክሪብቶ ይዘው ከብርሃኑ ፊት ለፊት በፍጥነት ያወዛውዙ፤ እንደተዘረጋ ማራገቢያ ወጥ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፣ ተቆራርጦ ብዙ እስክሪብቶ ከመሰለ ይርገበገባል። በስልክ ካሜራም አምፖሉን በቅርበት ሲያዩት ጥቁር መስመሮች የሚያልፉ ከሆነ ምልክቱ ያው ነው።

የሚሰቀልበትን ቦታ አይርሱ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ዙሪያውን የተዘጋ የብርጭቆ ክዳን ነበረን። 15,000 ሰዓት ይቆያል የተባለለትን አምፖል እዚያ ውስጥ አስገባሁት። በቀን ሦስት ሰዓት ቢበራ ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ጠፋ። ስነቅለው አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ጠይሟል። ኤልኢዲ እንደ ክር አምፖል አያቃጥልም እንጂ ሙቀት አለው፤ ሙቀቱም አንገቱ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ይበላዋል። ክዳኑ ዝግ ከሆነ ለዝግ ክዳን እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበትን ይግዙ፤ ካላገኙ ዝቅተኛ ዋት ያለውን ይምረጡ።

ግድግዳው ላይ ብርሃን መቀነሻ ዲመር ካለ ደግሞ ከዲመር ጋር እንደሚሠራ የተጻፈበት መሆን አለበት። አለበለዚያ ይንጫጫል ወይም ይብለጨለጫል።

የሞከሩት አንድ አምፖል ሁለት ሦስት ማታ ከተስማማዎት የቀረውን ይግዙ፤ አንድ መለዋወጫም ይጨምሩ። የካርቶኑን ጎን ቆርጠው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ከዓመታት በኋላ ተመሳሳዩን ሲፈልጉ ይጠቅምዎታል። እኔ እነዚያን የመጀመሪያዎቹን አምፖሎች ወደ ዕቃ ቤትና ወደ ደረጃው ሥር ወሰድኳቸው፤ እዚያ የማንም ፊት አይታይም።