የሳሎን ስቲከር ጠርዙ ሲነሳ፣ ቀለም ይዞ ሲወርድ፦ ቋሚ ወይስ ተነቃይ?

አዳማ ውስጥ በግድግዳ ስቲከር ላይ የሚሰማው አቤቱታ አብዛኛው አንድ ነው፦ በተለጠፈ በሳምንቱ ጠርዙ ይነሳል። ከእሱ እንጀምር።

ምልክት፦ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎችና ፊደላት ቀድመው ይወድቃሉ

ብዙ ሰው «ሙጫው ደካማ ነው» ብሎ ተነቃዩን (ግድግዳ ሳይጎዳ እንዲላጥ የተሠራውን) ይጥልና ቋሚውን (ሙጫው ጠንካራ የሆነውን) ይገዛል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የወደቀውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ነጭ ዱቄት ከለበሰ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ የያዘው ግን ግድግዳውን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ዱቄት ነው።

ዱቄቱ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ውሃ የበዛበት ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ የቀለሙን ዱቄት የሚያያይዘው ማሰሪያ ስላነሰ ደርቆም በመዳፍ ሲታበስ እጅ ያነጣል። ለማከራየት ተብሎ በጥድፊያ በአንድ እጅ የተቀባ ሳሎን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለተኛው በበጋ የሚነፍሰው አቧራ ነው። ከከተማው ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ብናኝ ይተዋል። በዚህ ላይ የቡና ከሰልና የዕጣን ጭስ ቅባት ሲጨመርበት የትኛውም ሙጫ አይዝም።

ስቲከር ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን ፈትኑ። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ሶፋ በሚሸፍነው ቦታ ለጥፋችሁ በአውራ ጣት አሹት፤ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ በአንድ ጊዜ ንቀሉት። ንጹሕ ከወጣ ሁለቱም ዓይነት ይይዛል። ዱቄት ይዞ ከወጣ ግድግዳው መታጠብ አለበት። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተልጦ ከወጣ ቋሚውን እርሱት።

አስተጣጠቡ፦ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉ። 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ፤ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። ሳሙና ከቀረ እሱም ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋል። 24 ሰዓት አድርቁና እንደገና በፕላስተር ፈትኑ። አሁንም ዱቄት ካለ መታጠብ አይበቃውም፦ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀቡ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ጥሩ የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለም። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጠብቁ። ቀለም በእጅ ሲነካ ደረቀ ማለት ከውስጥ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላው ለጥፎ «ስቲከሩ ተበላሽቷል» ማለት ሐቅ አይደለም።

ስትለጥፉ ጠዋት ይሁን፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ቬንትሌተር ጠፍቶ። የጀርባውን ወረቀት ሙሉውን አትላጡ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየላጣችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጫኑ። ሙጫው ሙሉ አቅሙን የሚያገኘው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ በማግስቱ ጠርዞቹን ድገሙ።

ምልክት፦ ሲነቀል ቀለምና ስቱኮ ይዞ ይወርዳል

ቋሚ ስቲከር ደካማ ቀለም ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ወይም ተነቃዩ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ዓመታት ቆይቶ ሙጫው ጠጥሯል። «ተነቃይ» የሚለው ጽሑፍ ለዘላለም አይሠራም! ተከራይ ከሆናችሁ ተነቃዩን ብቻ ግዙ፣ ዓመት ሳይሞላውም አንሱት። አለበለዚያ ስትለቁ ከአከራያችሁ ጋር የምትጨቃጨቁት በስቲከሩ ዋጋ ሳይሆን በሙሉ ግድግዳ ቀለም ዋጋ ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። የፀጉር ማድረቂያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ 20 ወይም 30 ሰከንድ አሙቁ። ጥጉን አንሥታችሁ ወደ ራሱ አጥፉት፤ ግድግዳውን ታክኮ፣ ቀስ ብሎ ይሳብ። ወደ ራሳችሁ ከጎተታችሁት ቀለሙ ይከተላል። ከቀዘቀዘ ደግማችሁ አሙቁ። የቀረ ሙጫ በሙቀትና በጣት እያንከባለሉ ይወጣል። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ አትንኩ፦ ዘይት ቀለምን ያለሰልሳል፣ ፕላስቲክ ቀለም ላይ እድፍ ይተዋል፣ ከሰል ባለበት ቤት ደግሞ እሳት ነው። የተላጠውን ቦታ ጠርዙን ፍቁ፣ ስቱኮ ሙሉ፣ በ220 ቁጥር አለስልሱ፣ ቀቡ።

ምልክት፦ ተነቃዩ ሲዛወር አይዝም

ሙጫው አቧራ ጠግቧል፤ አይመለስም። የሚያብለጨልጨውን የጀርባ ወረቀት አትጣሉ፤ ስቲከሩ ከግድግዳ ተነሥቶ ወዲያው እዚያ ላይ ይረፍ። ደጋግማችሁ የምታዛውሩ ከሆነ ጨርቅ መሰሉን ምረጡ፤ ስሱ ፕላስቲክ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይበላሻል።

አረፋ ከያዘ በመርፌ ወግታችሁ ጫኑት። ግድግዳው ነጭ ጨው እያወጣ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ይፈለግ። ከተነቀለ በኋላ ቅርጹ ከታየ ዙሪያው በጭስና በፀሐይ ጠቁሯል ወይም ደብዝዟል፤ ታጥቦ ካልለቀቀ ያ ግድግዳ ሙሉውን መቀባት አለበት።

ቋሚው የሚገባው ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ፣ ቀለሙ ለስላሳና የሚታጠብ ከሆነ፣ ሥዕሉንም ለዓመታት ካልሰለቻችሁት ነው። ሱቅ ላይ ቋሚውን «ተነቃይ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። ከስቲከሩ ትርፍ ጠርዝ የጣት ጥፍር የምታህል ቁረጡና በር ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በሦስተኛው ቀን ንቀሏት። ቀለም ይዛ ከመጣች ትልቁን አትለጥፉት።