ለፊርማ በፖስታ የላክነው የሆኪ ካርድ ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም ሳይፈረም ሲመለስ

የሆኪ ተጫዋቾችን ፊርማ በፖስታ መሰብሰብ በአሜሪካና በካናዳ የቆየ ልማድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ሥዕል የታተመበትን ካርድ፣ አጭር ደብዳቤና የራስ አድራሻ ተጽፎበት ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ አንድ ላይ አድርጎ በክለቡ አድራሻ ለተጫዋቹ መላክ ነው። ተጫዋቹ ደስ ካለው ፈርሞ ይመልሳል፤ ካላለው የሚያስገድደው የለም። ካርዱ ሲቀር ወይም ተበላሽቶ ሲመጣ ግን ወቀሳው ሁሉ ወደ ተጫዋቹ ይሮጣል። በእኔ እምነት ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ፖስታው ገና ከላኪው ጠረጴዛ ሳይነሳ ነውና፣ ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር እያገናኘን እንይ።

ወራት አለፉ፤ መልስ የለም

በቅድሚያ ስንት ወር እንዳለፈ ቁጠሩ። ሁለት ወይም ሦስት ወር ከሆነ ገና ችግር አልተፈጠረም። የኤንኤችኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ መደበኛ ውድድር ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል። እያንዳንዱ ክለብ ከ80 በላይ ጨዋታ ያደርጋል፤ ግማሹን የሚያደርገው ከከተማው ውጭ ነው። ለዋንጫ የቀሩት እስከ ጁን ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ወደ ስዊድን፣ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ኦንታሪዮ መንደሮቻቸው ይበተናሉ። በእረፍቱ ወራት የደረሰ ደብዳቤ ቡድኑ በሴፕቴምበር ለልምምድ እስኪሰበሰብ ድረስ ክለቡ ቢሮ ውስጥ ተከምሮ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሜይ የላከ ሰው በኦገስት ቢያማርር የሚያማርረው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለመላክ የተሻለ ነው፤ ተጫዋቹ በከተማው አለ፣ ክምሩም ገና አልበዛም።

ሁለተኛው ምክንያት አድራሻው ነው። ብዙ ሰው የሚልከው ጨዋታ ወደሚደረግበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ያ አዳራሽ ግን ዛሬ ኮንሰርት፣ ነገ የቅርጫት ኳስ የሚስተናገድበት ነው፤ ተጫዋቹ የዕለት ውሎው እዚያ አይደለም። ለምሳሌ የዋሽንግተን ካፒታልስ ቡድን የሚጫወተው መሀል ዋሽንግተን ነው፤ በየዕለቱ የሚለማመደው ግን አርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ በቦልስተን የገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ በተሠራ የበረዶ ሜዳ ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ከሥሩ መኪና እያቆሙ ከላይ ሆኪ እንዳለ ላያውቁ ይችላሉ። የሞንትሪያል ካናዲየንስም እንዲሁ ጨዋታቸውን በቤል ሴንተር፣ ልምምዳቸውን ከወንዙ ማዶ በብሮሳር ያደርጋሉ። የቦስተን ብሩይንስ የልምምድ ሜዳ ደግሞ በብራይተን ሠፈር ነው። መፍትሄው የልምምድ ሜዳውን አድራሻ ከክለቡ ይፋዊ መረጃ ፈልጎ ወደዚያ መላክ ነው። የተጫዋቹን የግል ቤት አድራሻ ፈልጎ መላክ ግን ነውር ነው። አድራሻው በእጃችሁ ቢገባ እንኳን ተዉት፤ ልጆቹ የሚያድጉበት ቤት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 15 ቀን 2024 ጀምሮ የካናዳ ፖስታ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መትተው ሥራ የቀጠለው በዲሴምበር 17 ነበር። በዚያ ወር የተላከ ሁሉ ተጠራቅሞ ነው የቆየው። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ካናዳ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ዜና ማየት አይከፋም።

የመጨረሻው ምክንያት የመረጣችሁት ሰው ነው። በየቀኑ በከረጢት ደብዳቤ የሚመጣለት ኮከብ ሁሉን ቢፈርም ሌላ ሥራ አይኖረውም። ከኮከቦቹ ያነሰ ጊዜ ለሚሰለፉት ለሦስተኛና ለአራተኛ መስመር ተጫዋቾች፣ ለተከላካዮችና ለተጠባባቂ ግብ ጠባቂዎች ላኩ። በታችኛው ሊግ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይመልሳሉ፤ ፊርማቸውን የሚጠይቃቸው ሰው ገና ብርቅ ነው።

ፖስታው "ወደ ላኪ ይመለስ" ተብሎ መጣ

ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳታነቡ አትቅደዱት፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ተጫዋቹ ተዛውሮ ከሆነ አንዳንድ ክለብ ደብዳቤውን ወደ አዲሱ ቡድን ያስተላልፋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። የዝውውር መዝጊያው ብዙ ጊዜ በማርች መጀመሪያ ስለሚውል በፌብሯሪ መላክ ቁማር ነው። አንዳንዴ ቡድኑ ራሱ ይነሳል፤ የአሪዞና ካዮቲስ ተጫዋቾች በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሲሄዱ በአሪዞና አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ባለቤት አልነበረውም። የቴምብር ዋጋ ጎድሎ ከሆነ ግን ጥፋቱ የላኪው ነው። ፖስታውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የደብዳቤ እርከን 1 አውንስ ወይም 28 ግራም ያህል ነው፤ በካናዳ 30 ግራም።

ተጫዋቹ ፈርሟል፤ መመለሻ ፖስታው ግን አልተንቀሳቀሰም

ድንበር ተሻግሮ የሚላክ ፖስታ ዋነኛ በሽታ ይህ ነው። የአሜሪካ ቴምብር የሚሠራው ከአሜሪካ ለሚነሳ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ከካናዳ ለሚነሳ ደብዳቤ ጌጥ ነው። ከ32ቱ የኤንኤችኤል ክለቦች ሰባቱ ካናዳ ውስጥ ናቸው፤ ሞንትሪያል፣ ቶሮንቶ፣ ኦታዋ፣ ዊኒፔግ፣ ኤድመንተን፣ ካልጋሪና ቫንኩቨር። ወደ እነዚህ ስትልኩ መመለሻው ላይ የሚለጠፈው የካናዳ ቴምብር ነው፤ እሱም ወደ አሜሪካ የሚያደርሰው ዋጋ መሆን አለበት። "ፒ" የሚል ፊደል ያለበት የካናዳ ቋሚ ቴምብር የተዘጋጀው ለአገር ውስጥ ደብዳቤ ነው፤ ብቻውን ድንበር አያሻግርም። ከካናዳ ወይም ከሌላ አገር ወደ አሜሪካ ክለብ የሚልክ ሰው ደግሞ መመለሻው ላይ የአሜሪካን ክብ ዓለም አቀፍ ቴምብር ይለጥፍ። ይህ ቴምብር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሸጥ ሲሆን እስከ 1 አውንስ የሚመዝን ደብዳቤ ከአሜሪካ ወደ የትኛውም አገር ያደርሳል።

አዲስ አበባ ሆኖ መሞከር ለሚፈልግም መንገዱ ይኸው ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ እነዚህን ቴምብሮች ገዝቶ በሰው እጅ ይልክለታል፤ መመለሻው ላይ ፖ.ሣ.ቁ.ውንና "ኢትዮጵያ" የሚለውን በላቲን ፊደል በጉልህ መጻፍ ነው። በድሮ መጻሕፍት የሚመከረው፣ በተቀባዩ አገር በቴምብር የሚለወጠው ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ግን እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት መሸጡን በ2013 እ.ኤ.አ. አቁሟል።

ቀለሙ ካርዱ ላይ አልያዘም

ፊርማው መጥቷል፤ መስመሩ ግን ተቆራርጦ፣ ቅባት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሠርቷል። ብዙዎች ማርከሩ አልቆ ነው ይላሉ። ጥፋተኛው የካርዱ ገጽ ነው። የሚያብረቀርቅ ካርድ ፊቱ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ከፋብሪካ የቀረ ልስላሴ አለበት። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ መግባት ስለማይችል ላዩ ላይ ይሰበሰባል።

መፍትሄው ከመላክ በፊት ነው። ካርዱን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ተጫዋቹ ይፈርምበታል ብላችሁ የምታስቡትን ቦታ በነጭ ለስላሳ ላጲስ፣ ሳትጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ አሹት። ወይም በጥጥ ጥቂት የሕፃን ፓውደር ነክታችሁ በክብ በክብ አሹና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ወደ መብራት አዘንብላችሁ ስታዩት ያ ቦታ ከቀረው ይልቅ ትንሽ ደብዘዝ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ግን ሥዕሉን ትፍቁታላችሁ። ከዚያው ስብስብ ርካሽ ካርድ ወስዳችሁ በሰማያዊ ሻርፒ ማርከር ሞክሩ። መስመሩ ሳይቆራረጥ ከደረቀ ጨርሳችኋል። መስታወት በሚመስሉ፣ ፎይል በለበሱ ካርዶች ላይ ይህን አታድርጉ፤ ጭረት ይተዋል።

ድካሙን ማስቀረት የሚፈልግ ከመነሻው ካርዱን ይምረጥ። አፐር ዴክ የሚያሳትመው ኦፒቺ የተባለው ስብስብ ገጹ ደብዛዛ ወረቀት ስለሆነ ቀለም እንደወረደ ይቀበላል። ዋጋውም ርካሽ ነው። ያንግ ገንስ የሚባሉት የጀማሪ ተጫዋቾች ካርዶች ግን ያብረቀርቃሉ፤ ውድም ናቸው፤ እነሱን በፖስታ መላክ ለእኔ ድፍረት ነው።

የሥዕሉም ነገር አለ። ሆኪ ከሌላው ስፖርት የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው፤ ሜዳው ነጭ ነው። የታችኛው ግማሹ በረዶ የሆነ ካርድ ለሰማያዊ ማርከር የተዘጋጀ ገጽ ማለት ነው። ቦስተን ወይም ሎስ አንጀለስ ጥቁር ማልያ ለብሰው ካርዱን ከሞሉት ግን ፊርማው ይሰወራል። ብርማ ቀለም ያለው ብዕር አብሮ መላክ መፍትሄ ይመስላል፤ ብዕሩ በማሽን ውስጥ ሲጨፈለቅ ግን ካርዱንም ደብዳቤውንም ያጠፋል።

አንዴ ተቆራርጦ ከመጣ በኋላ በራሳችሁ ማርከር መስመሩን መቀጠል አይታሰብም። ያኔ ፊርማው የተጫዋቹ መሆኑ ያከትማል።

ፊርማው ተጠራርጓል ወይም ደብዳቤው ላይ ታትሟል

ተጫዋቹ ፈርሞ ሳይደርቅ አጥፎ ከትቶታል። መመለሻው ውስጥ ከካርዱ የሚሰፋ አንድ ንጹሕ ወረቀት አስቀምጡና በደብዳቤው ላይ "ከፈረሙ በኋላ ይህን መሀል ያድርጉልኝ" በሉ። በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ አትላኩ፤ አውጥቶ ፈርሞ ሲመልሰው እርጥቡ ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። ቤት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ቀለሙ ይነጣል፤ መመለሻም የለውም።

ካርዱ ታጥፎ ወይም ማዕዘኑ ተጎድቶ መጣ

ከጭንቀት የተነሳ ካርዱን በወፍራም ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የሚከት ሰው ራሱን ይጎዳል። የደብዳቤ መለያ ማሽኑ ፖስታውን በጥቅልሎች መካከል አጥፎ ያሳልፈዋል፤ የማይታጠፍ ነገር ሲገጥመው ይቀደዳል ወይም ይጣበቃል። በአሜሪካ ደብዳቤ ከሩብ ኢንች፣ በካናዳ መደበኛ ደብዳቤ ከ5 ሚሊ ሜትር መወፈር የለበትም። ከካርዱ ትንሽ የሚሰፉ ሁለት ስስ ካርቶኖች በግራና በቀኝ አድርጋችሁ፣ በቀላሉ በሚላቀቅ የቀለም ቀቢዎች ቴፕ ካርቶኖቹን ብቻ አያይዙ፤ ቴፑ ካርዱን አይንካ። ከቴምብሩ በታችም አታስቀምጡት፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚመታው እዚያ ነው። ጠንከር ያለ ማቀፊያ የግድ ካላችሁ ማሽን ለማያልፍ ደብዳቤ የሚከፈለውን ተጨማሪ ሂሳብ በሁለቱም ፖስታ ላይ ክፈሉ። ለመጠኑ ቁጥር 10 የሚባለውን ፖስታ ለመላኪያ፣ ቁጥር 9ኙን ለመመለሻ ግዙ፤ ሁለተኛው ሳይታጠፍ አንደኛው ውስጥ ይገባል።

ፊርማው እውነተኛ አይመስልም

በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። መስመሩ ከጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ከሆነ ታትሟል እንጂ አልተፈረመም፤ ክለቦች እንዲህ ያለ ፎቶ ያድላሉ። እውነተኛ የማርከር ቀለም ካርዱን ስታዘነብሉት ከገጹ ተለይቶ ያንጸባርቃል፤ መስመሮች በተሻገሩበት ቦታም ይጠቁራል። የፊርማ ማሽን የሠራው ከሆነ እጅ የሚያፈጥንበትና የሚያዘግምበት ለውጥ አይታይም፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ይኖረዋል፣ መነሻና መድረሻው ላይም ነጥብ ይተዋል። ሁለት ካርድ ልካችሁ ሁለቱ ፊርማዎች በብርሃን ሲደራረቡ ፍጹም ከገጠሙ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው፤ የሰው እጅ ራሱን እንዲያ አይደግምም። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት የተባሉት ድርጅቶች የፊርማን እውነተኛነት በክፍያ ያረጋግጣሉ። ለአራተኛ መስመር ተጫዋች ካርድ ግን ክፍያው ከካርዱ ዋጋ ይበልጣልና ገንዘባችሁን ለቴምብር አውሉት።

አንዳንድ ፊርማ ሐሰተኛ የሚመስለው ስለማይነበብ ብቻ ነው። የካናዲየንሱ ዣን ቤሊቮ በተጫዋችነት አሥር የስታንሊ ዋንጫ ያነሳ ሰው ሆኖ ለአድናቂዎቹ ደብዳቤ በመመለስና በሚነበብ ፊርማው ይታወቅ ነበር። የዛሬው ልጅ አንድ ፊደል፣ አንድ ጭረትና የማልያ ቁጥር ጽፎ ያልፋል። ቁጥሩ ልክ ከሆነ አትጨነቁ።

ካርዱ ሳይፈረም ተመለሰ፣ ወይም ስሜ ተበላሽቶ ተጻፈ

ያልተፈረመ ካርድ ሲመለስ በቅድሚያ ስንት እንደላካችሁ አስቡ። ስድስት ሰባት ካርድ የሚልክ ሰው ነጋዴ ይመስላል። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ደብዳቤውም ከግማሽ ገጽ አይለፍ፤ በእጅ የተጻፈ ይሁን፤ ተጫዋቹን በእርግጥ እንደምታውቁት የሚያሳይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑረው። ፊርማው በስማችሁ እንዲሆን መጠየቅም እምነት ይጨምራል፤ ስም የተጻፈበት ካርድ ለገበያ አይመችምና። እዚህ ላይ የእኛ ስሞች ፈተና ናቸው፤ ጸጋዬንም ጽጌረዳንም በጆሮ ሰምቶ የሚጽፍ ካናዳዊ አይገኝም። ስሙን በትልልቅ የላቲን ፊደላት በምትላቀቅ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ለጥፉ።

የሌላ ሰው ካርድ በእኔ ፖስታ መጣ

ተጫዋቹ አንድ ክምር ፖስታ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሲፈርም ካርዶቹ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት በመመለሻው ፖስታ ክዳን ውስጥ የተጫዋቹን ስም፣ የካርዱን ዓይነትና የላካችሁበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ ያቺው ትንሽ ወረቀት ላይም ስማችሁ ይኑር። የሌላ ሰው ካርድ ከደረሳችሁ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ነገሩን በሁለት መስመር አስረድታችሁ፣ አዲስ መመለሻ ጨምራችሁ ለዚያው ክለብ መልሱት።