በሲ ፕሮግራም የኤልዳፕ ሎግኢን እንዴት ይሠራል? ዜሮ ሲመለስ አትቸኩሉ

አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ስምና ፓስወርድ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ያቆማል። ኦፕንኤልዳፕ ሊሆን ይችላል፣ የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ኤልዳፕ በሚባለው ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ። ፕሮግራማችሁ «ይህ ሰው ነኝ ያለውን ነው ወይ?» ብሎ ሰርቨሩን የሚጠይቅበት ጥያቄ ባይንድ ይባላል። ኮዱ አጭር ነው። ጣጣው ያለው ዜሮ፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ የሚለው መልስ ምን ማለት እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የኦፕንኤልዳፕን የዴቨሎፕመንት ፓኬጅ ጫኑ። ኮምፓይል ስታደርጉ ኤልዳፕና ኤልበር የሚባሉትን ላይብረሪዎች ሊንክ አድርጉ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ ምሳሌዎች ኤልዳፕ_ኢኒትን እና ኤልዳፕ_ሲምፕል_ባይንድ_ኤስን ይጠቀማሉ። ተዉአቸው፣ ጊዜያቸው አልፏል። የኮምፓይለሩን ጩኸት በአንዲት ማክሮ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። (የፈንክሽኖቹን ስም በእኛ ፊደል ጻፍኩት እንጂ ኮድ ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው የሚገቡት።)

ቀጥሎ ኤልዳፕ_ኢኒሺያላይዝን የሰርቨሩን አድራሻ ሰጥታችሁ ጥሩት። ዜሮ ቢመልስ ሰርቨሩ ተገኘ ማለት አይደለም። ይህ ፈንክሽን አድራሻውን ይይዛል እንጂ ገና ኔትወርክ አይነካም። የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ ብትሞክሩትም መልሱ ያው ዜሮ ነው። ግንኙነቱ የሚከፈተው የመጀመሪያው ጥያቄ ሲላክ ነው። እዚሁ ላይ የፕሮቶኮሉን ቨርዥን 3 አድርጉት። ላይብረሪው ካልነገራችሁት በ2 ይጀምራል፤ ቨርዥን 2 ደግሞ በ2003 በይፋ ጡረታ ወጥቷል። የኔትወርክ ታይምአውትም ስጡት፣ አለበለዚያ ሰርቨሩ ዝም ሲል ፕሮግራማችሁም አብሮት ፍዝዝ ይላል።

ከዚያ ቲኤልኤስ፣ ማለትም በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ግንኙነቱን የሚመሰጥረው ዘዴ። ሲምፕል ባይንድ (በዲኤንና በፓስወርድ ብቻ የሚደረገው ተራው ባይንድ) ፓስወርዱን እንዳለ ነው የሚልከው፣ ምንም አይሸፍነውም። ስለዚህ ወይ በፖርት 636 ግቡ፣ ወይ በ389 ገብታችሁ ከባይንዱ በፊት ኤልዳፕ_ስታርት_ቲኤልኤስ_ኤስን ጥሩ። እሱ ከከሸፈ እዚያው አቁሙ። የሰርተፊኬቱን ፋይል በኦፕሽን ስትሰጡ መጨረሻ ላይ ኒውሲቲኤክስ የሚባለውን ኦፕሽን ማስከተል ያስፈልጋል፤ ያለሱ ያስገባችሁት ሁሉ ሥራ ላይ ላይውል ይችላል። ሰርተፊኬት እንዳይመረመር ማድረግ የሚባለውን አቋራጭ ግን አትንኩት። «ለጊዜው ነው» ተብሎ ይገባና እዚያው ያረጃል።

ሰውየው የሚያስገባው አጭር ስም ነው፣ ሰርቨሩ የሚፈልገው ደግሞ ሙሉ መለያውን፣ ዲኤን የሚባለውን። ስለዚህ በሰርቪስ አካውንት፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ለራሱ በተከፈተ አካውንት፣ ግቡና ፈልጉት። ስሙን ፍለጋው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ኮከብ፣ ቅንፍና የኋላ እዝባር ካሉበት ወደ ኮዳቸው ቀይሩ፤ ኮከብ ለምሳሌ በእዝባሩ ላይ 2 እና «ኤ» ይሆናል። አለበለዚያ በስም ቦታ ኮከብ ብቻ የጻፈ ሰው ሁሉንም ሠራተኛ ያገኛል። ውጤቱ በትክክል አንድ ካልሆነ ውድቅ አድርጉት።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። ለሰውየው ሌላ ኮኔክሽን ከፍታችሁ በኤልዳፕ_ሳስል_ባይንድ_ኤስ ዲኤኑንና ፓስወርዱን ላኩ። የሰርቪስ አካውንቱን ኮኔክሽን ለዚህ አትጠቀሙ፤ በአዲስ ባይንድ ማንነቱ ይቀየራል፣ ባይንዱ ከከሸፈ ደግሞ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

ፓስወርዱ ባዶ ቢሆንስ? በ2006 የወጣው የኤልዳፕ ደንብ ሰነድ አርኤፍሲ 4513 ዲኤን ተሰጥቶ ፓስወርዱ ባዶ የሆነበትን ባይንድ ከስም የለሽ መግቢያ ይቆጥረዋል። ሰርቨሩ ከፈቀደ ዜሮ ይመልሳል። ጥበቃው መታወቂያ ሳያይ «እንግዳ ከሆንክ በረንዳ ላይ ተቀመጥ» ያለውን ሰው፣ ፕሮግራማችሁ የቤቱ ባለቤት ነው ብሎ ቁልፍ ሰጠው ማለት ነው። የአለቃውን ስም የሚያውቅ ሁሉ የፓስወርዱን ሳጥን ባዶ ትቶ አለቃ ሆኖ ይገባል። ኦፕንኤልዳፕ ካልቀየሩት በስተቀር 53 ብሎ እምቢ ይላል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ግን እንዳለ ከተተወ ይቀበላል፤ ለመከልከል የሚያስችለው ማስተካከያ የመጣው በዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩን አትመኑ። ባይንዱን ከመጥራታችሁ በፊት የምትልኩትን ፓስወርድ ርዝመት እዩ፤ ዜሮ ከሆነ ውድቅ አድርጉት። መታየት ያለበት ፎርሙ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ርዝመት ነው። ፓስወርዱ በዜሮ ባይት ከጀመረ ሌላው ቦታ ሙሉ መስሎ፣ ሲ ግን ዜሮ ባይትን የጽሑፍ መጨረሻ ስለሚያደርገው ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል። የባሰ ጥርጣሬ ካላችሁ ከባይንዱ በኋላ ሰርቨሩን «ማን ብለህ አስገባኸኝ?» ብሎ የሚጠይቀውን ኤልዳፕ_ሁአምአይ_ኤስን ጥሩ። ባዶ ስም ከመጣ ማንም አልገባም።

ከዜሮ ውጭ የሚመጡትን በተመለከተ፣ ነጋቲቭ 1 ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም ማለት ነው። ይህን «ፓስወርድዎ ተሳስቷል» ብላችሁ አታሳዩ፣ ሰው በከንቱ ፓስወርድ ሲቀይር ይውላል። 49 ስምና ፓስወርዱ አልገጠሙም ማለት ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ብዙ ነገር በ49 ስር ይጠቀልላል፤ ዝርዝሩ አብሮ በሚመጣው መልእክት ውስጥ አለ። 532 ፓስወርዱ ጊዜው አልፎበታል፣ 533 አካውንቱ ተዘግቷል፣ 775 ደግሞ ተቆልፏል ነው። ሎግ ላይ ጻፉት። ለተጠቃሚው ግን በደፈናው «መግባት አልተቻለም» ይበቃዋል።

ሲያልቅ የፓስወርዱን ሜሞሪ በኤክስፕሊሲት_ቢዜሮ አጥፉ። ተራውን ሜምሴት ኮምፓይለሩ አያስፈልግም ብሎ ሊዘልለው ይችላል። ከዚያ ኤልዳፕ_አንባይንድ_ኤክስት_ኤስን ጥሩ። ስሙ ባይንዱን ብቻ የሚሽር ይመስላል እንጂ ግንኙነቱን ዘግቶ ሃንድሉንም (ኤልዳፕ_ኢኒሺያላይዝ የሰጣችሁን የግንኙነቱን መያዣ) ያስለቅቃል። ባይንዱ ቢከሽፍም መጠራት አለበት፤ ከእሱ በኋላ ግን ያንን ሃንድል አትንኩት።