ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት፦ የሻወር ቤት የመብራት ስራ እንዴት ቼክ ይደረጋል

ሻወር ቤት ሲታደስ የሁላችንም አይን ሴራሚኩና ቧንቧው ላይ ነው፣ የመብራቱ ስራ ግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበር «በራ አይደል? በቃ» ተብሎ ይታለፋል። መብራቱ በራ ማለት ግን ስራው ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የሌለው ቦይለርም ውሃ ያሞቃል። እኔ ራሴ ኮንዶሚኒየሙን ሳሳድስ ሁሉም አልቆ፣ ቦይለሩ ተሰቅሎ፣ የመጀመሪያ ቀን ቧንቧውን ልከፍት ስነካው ነዘረኝ። ኤሌክትሪሻኑ ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ኧረ ችግር የለውም፣ ነጠላ ጫማ አድርገሽ ታጠቢ»። ሌላ ሰው ጠርቼ ሶኬቱን በካቻቢቴ ሲፈታው ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ጫፏ ተቆርጦ፣ ወደ ኋላ ታጥፋ፣ በናስትሮ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከፊት ስታዩት ግን ሶኬቱ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ሁለቱ የኧርዝ ብረቶች አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ከኋላቸው ምንም የለም!

ስለዚህ ዋናው ቼክ ግድግዳው ክፍት እያለ ነው የሚደረገው። ሽቦው ቱቦ ውስጥ መግባት አለበት፣ ዝም ብሎ ልስን ውስጥ ከተቀበረ አስነሱት። ቱቦ ውስጥ ከሆነ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ትንሽ ሳብ አድርጉት፣ ካልተንቀሳቀሰ ቱቦው ተጨፍልቋል ወይ ሽቦው በዝቶበታል፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ሳይፈርስ አይወጣም ማለት ነው። መስመሩ ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይ ወደ ጎን ይሂድ፣ ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ በሰያፍ የተሳበውን አትቀበሉ። ቅጥያ ካለም ቦክስ ውስጥ በኮኔክተር ይሁን፣ ግድግዳ ውስጥ በናስትሮ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ነገር ሻወር ቤት ውስጥ በጭራሽ። ከዛ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፣ ሜትሩ ቁጥሩ እንዲታይ።

ሽቦው ላይ ደግሞ ውፍረቱ ተጽፏል፣ አንብቡት። ለመብራት 1.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ለሶኬትና ለተለመደው ቦይለር 2.5። 1500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 7 አምፒር ገደማ ነው የሚስበው፣ 2.5 ሽቦ ከ16 አምፒር ብሬከር ጋር ተመችቶት ይችለዋል። ውሃውን እዛው በዛው የሚያሞቀው 5500 ዋት ሻወር ከሆነ ግን 25 አምፒር ነው፣ እሱ ከቦርዱ (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) ለብቻው የመጣ 6 ሚሊሜትር ካሬ መስመር ይፈልጋል፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጋር አብሮ አይሰካም። ብሬከሩ ሲወድቅበት 16ቱን አውጥቶ 32 የሚያስገባ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ስራውን አስቁሙ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ 2.5 ሽቦ ላይ 32 ብሬከር ማለት ሽቦው ይቃጠላል እንጂ ብሬከሩ አይወድቅም። ደሞ ከተረፈው ሽቦ ቁራጭ ውሰዱና ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው የተሸጠላችሁ።

ቦታን በተመለከተ፣ ሶኬት ከገንዳው ወይ ከሻወር ትሪው ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ትሪ የሌለው ሻወር ከሆነ ከውሃ መውጫው 1.2 ሜትር። የኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት ውስጥ ይሄን ማግኘት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ እንደዛ ከሆነ ሶኬቱንም የቦይለሩን ማጥፊያም ከበሩ ውጪ አድርጉት። ለውሃ ቅርብ የሚሆነው አምፖል ማቀፊያው ላይ አይፒ44 የሚል፣ ማለትም ውሃ ቢረጭበት የሚችል፣ ይፈለጋል።

አሁን ቦርዱ ጋ እንሂድ። ሻወር ቤቱን የሚቆጣጠር ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይ ወደ ኧርዝ ሲያመልጥ የሚወድቅ ብሬከር መኖር አለበት፣ «ቲ» የምትል ትንሽ ቁልፍ ያለችው፣ 30 ሚሊ አምፒር ተብሎ የተጻፈበት። ተራው ብሬከር ሰው ሲይዘው አይወድቅም፣ ሰውን ለመግደል 16 አምፒር አያስፈልግማ። «ቲ»ን ስትጫኑ ወዲያው መውደቅ አለበት፣ ግን ይሄ የሚያሳየው ብሬከሩ ራሱ መስራቱን ብቻ ነው፣ ሶኬቱ ጋ ኧርዝ መድረሱን አይነግራችሁም።

ለሱ የኔ ሁለተኛው ሰውዬ ያደረገውን ልንገራችሁ፣ እናንተ አትሞክሩት፣ ባለሙያው እያያችሁት ይስራው። 25 ዋት አምፖል ሁለት ሽቦ አበጀለትና አንዱን ፌዙ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ላይ፣ አንዱን የኧርዙ ብረት ላይ አደረገ። ጭራሽ ካልበራና ብሬከሩም ካልወደቀ ኧርዝ የለም። ብልጭ ብሎ ኧርዝ ሊኬጁ ከወደቀ ኧርዙ አለ፣ ብሬከሩም ይሰራል። ደህና አድርጎ በርቶ ከቀረና ምንም ካልወደቀ ነው መደንገጥ፤ ወይ ብሬከሩ ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ኧርዝ መጎተት የደከመው ሰው ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶታል። ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ቢላቀቅ የቦይለሩ ቆርቆሮ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ቴስተርም ሆነ መልቲሜትር እዚህ ጋ ይሸወዳሉ፣ መልቲሜትሩ 220 ያሳይና ደህና ነው ያስብላችኋል። ስለዚህ ብሬከሩን አስወርዳችሁ ሶኬቱን አስፈቱና ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ከግድግዳው ወጥታ ብሎኑ ስር መታሰሯን በአይናችሁ እዩ። የቦይለሩ ፊሻም ባለ ሁለት እግር ቀጭን አዳፕተር ላይ ከተሰካ ኧርዙ እዛው ተቆረጠ፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

የመጨረሻውን ክፍያ ይሄ ሁሉ ከታየ በኋላ ስጡ፣ ስራ ሲጀመር ግን ተነጋገሩበት፣ መጨረሻ ላይ ድንገት ብትሉት ጭቅጭቅ ነው። ፎቶዎቹንም ከስልካችሁ አታጥፉ፣ እኔ መስታወት ሰቃዩ ድሪሉን ይዞ ሲመጣ አሳየሁትና ምልክት ካደረገበት አስር ሴንቲሜትር ወደ ግራ ፈቀቅ አለ።