ዊንዶውስ 11ን ወደ 10 በመመለስ የዋይፋዩን መቆራረጥ እንዴት እንዳስተካከልሁ

ላፕቶፔን ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሳደግሁ በኋላ ዋይፋዩ በየጥቂት ደቂቃው ይቋረጥ ጀመር፤ ስልኬ ግን በዚያው ራውተር ያለ ችግር ይሠራ ስለነበር ጥፋቱ የመስመሩ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ራውተሩን ፒንግ ሳደርግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ አጫጭር መልእክት እየላክሁ ስፈትሽ) ሦስት አራት መልስ ይመጣና ከዚያ ዝም ይላል። የኔትወርክ ቅንብሩን ወደ መነሻው ብመልስም ድራይቨሩን (የዋይፋይ ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) አጥፍቼ ደግሜ ብጭንም ለውጥ አልመጣም፤ ካርዱ አሮጌ በመሆኑ ለአዲሱ ሲስተም የሚስማማ ድራይቨር አልነበረውም።

በመጨረሻ ፋይሎቼን በሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ ከሴቲንግስ ሲስተም፣ ቀጥሎም ሪከቨሪ ውስጥ ገብቼ «ጎ ባክ» የሚለውን ተጫንሁ። ይህ ምርጫ የሚገኘው ካሳደጋችሁ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ፣ ያውም የቀድሞውን ዊንዶውስ የያዘው «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» (Windows.old) የተባለው ፎልደር ካልተሰረዘ ብቻ ስለሆነ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ እንዳትነኩት አደራ እላለሁ። አሁን ፒንጉ አንድም መልስ አይጎድልበትም።