ሺቱ አልጻፍ ሲላችሁ መጀመሪያ ክቧን ፎቶ እዩ

ወሩ ሊያልቅ ነው። በጉግል ሺትስ የተሠራውን የደመወዝ ሺት (ሠንጠረዥ) ከፍታችሁ የትርፍ ሰዓት ልትሞሉ ስትሉ ቁጥሩ አልገባም አለ። ከላይ «ቪው ኦንሊ» ይላል፤ ማየት እንጂ መጻፍ አይቻልም ማለት ነው። ትናንት እኮ እየሞላችሁበት ነበር! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን ይራገማል። እኔም አንድ ቀን ራውተር ሳጠፋ ሳበራ አርፍጃለሁ። ለካ በግል ጂሜይሌ ገብቼ የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ነበር የምነካካው።

«ቪው ኦንሊ» ወይም ፈቃድ ጠይቁ ሲል

አንድ ብሮውዘር ላይ ሁለት አካውንት ከተከፈተ፣ ጉግል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የገባውን ነው እንደ ዋና የሚይዘው። በቴሌግራም የተላከላችሁ ሊንክ በግሉ አካውንት ይከፈትና ያ አካውንት የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ፎቶ ነክታችሁ አካውንት ቀይሩ። ለዛሬ ይበቃል። ነገም እንዳይደገም ክሮም ላይ ሁለት ፕሮፋይል ክፈቱ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሥራ። ቀለማቸውንም ለያዩት።

ፈቃድ መጠየቂያውን ግን በችኮላ አትጫኑ። ባለቤቱ ሳያስተውል ከፈቀደ፣ የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ በግል ጂሜይላችሁ ገባ ማለት ነው።

ባለቤቱ ራሱ መጻፍ ሲያቅተው

ይሄኛው ያስቃል፤ ያናድዳልም። ሺቱ የተሠራው በአንድ ሰው የግል ድራይቭ (የጉግል ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ነው። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶዎች ይጋሩታል። የልጅ ልደት ቪዲዮ ሞልቶት ካለፈ፣ እዚያ ያለውን ሺት ማንም ማስተካከል አይችልም።

መጀመሪያ ቪዲዮዎቹን አውርዱና ቦታ አስለቅቁ። ከዚያ ሺቱን ወደ መሥሪያ ቤቱ አካውንት አምጡት። ባለቤትነትን ከግል ጂሜይል ወደ መሥሪያ ቤት አካውንት ማስተላለፍ ስለማይቻል፣ በሥራው አካውንት ገብታችሁ ኮፒ ማድረግ ነው ያለው። ኮፒው ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን ታሪክ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ አሮጌውን አትሰርዙት፤ ለእይታ ብቻ አድርጉትና አናቱ ላይ የአዲሱን ሊንክ ጻፉ። አለበለዚያ ግማሹ ሰው በድሮው ሊንክ መሙላቱን ይቀጥላል።

ኮፒው ከሌላ ሺት ቁጥር የሚስብ ከሆነ ሴሉ ላይ ስህተት ያሳያል። ሴሉን ነክታችሁ «አሎው አክሰስ» (ፍቀድ) የሚለውን ተጫኑ። የምንጩ ሺት ለሥራው አካውንት ሼር ካልተደረገ ግን አይሠራም።

የሁለት ሰው ድምር አልገጥም ሲል

ኤክሴል የምትጠቀሙ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሁለት የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት ፋይል ማስቀመጫ) ፎልደር ሊኖር ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ነጯ ደመና የግል፣ ሰማያዊዋ የሥራ ናት። ፋይሉን ከሥራው ወደ ግሉ ኮፒ ካደረጋችሁት ሁለት ፋይል ሆነ፤ እናንተ አንዱ ላይ፣ ባልደረባችሁ ሌላው ላይ ትሞላላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱና የጎደለውን ወደ ሥራው ፋይል አስገቡ። የግሉን ስም «የቆየ፣ አይሞላበት» ብላችሁ ቀይሩት።