ምቱን ሳይሰሙ መዝለል፦ ጂኦሜትሪ ዳሽ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሮበርት ቶፓላ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጂኦሜትሪ ዳሽ፣ በሙዚቃ ምት ስክሪኑን እየነኩ ኪዩብ (ትንሽ ካሬ) በመሰናክሎች ላይ የሚያዘልሉበት ጨዋታ፣ ሰውን የሚይዘው አስቸጋሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሃምሳ ጊዜ የገደላችሁን እሾህ፣ ሙዚቃው ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ጣታችሁ ሳይታሰብ ያልፈዋል። ይህን ደስታ ሳያገኙ የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ጆሯቸውን አይጠቀሙም።

ከሁሉም የከፋው በብሉቱዝ ማዳመጫ መጫወት ነው። ስንቴ ይነገር! ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ፊልም ሲሆን ማጫወቻው ምስሉንም አዘግይቶ ያመሳስለዋል፤ ጨዋታ ግን ጣታችሁን ቆሞ አይጠብቅም። ኪዩቡ በመደበኛ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 10.4 ብሎክ ይጓዛል። ድምፁ 200 ሚሊሰከንድ ከዘገየ፣ ምቱን ስትሰሙ ኪዩቡ መዝለያውን በ2 ብሎክ አልፎታል። የአንድ እሾህ ስፋት ደግሞ 1 ብሎክ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን መውቀስ ምን ይባላል? ባለገመድ ማዳመጫ ሰኩ፤ ከሌለ የስልኩ ስፒከር ይበልጣል።

ዓይንን ኪዩቡ ላይ መትከልም ያስገድላል። ኪዩቡ ስክሪኑ ላይ ቦታው ያው ነው፤ የሚመጣው መሰናክል ነው። ሁለት ሦስት ዝላይ ቀድማችሁ እዩ።

ፓድና ኦርብ ይምታታባቸዋል። መሬት ላይ ያለው ቢጫ ፓድ ራሱ ያስፈነጥራል፣ መንካት አያስፈልግም። አየር ላይ ያለው ቢጫ ቀለበት (ኦርቡ) ግን ኪዩቡ ሲደርስበት ስክሪኑን ካልነካችሁ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል።

ኪዩቡ አንዳንድ ቦታ ወደ መርከብ ይቀየራል፤ መርከቧን ስታበሩ ጣትን ከስክሪኑ ሳያነሱ መያዝ ጣሪያ ላይ ያላትማል። አጫጭር ንክኪ ቀጥ አድርጎ ያስኬዳታል።

ስቴሪዮ ማድነስን (የመጀመሪያውን ሌቭል) እንደጨረሱ ዴመን (ከሁሉም የከበደውን የሌቭል ደረጃ) መክፈት፦ አይሆንም።

ፕራክቲስ ሞድን፣ ማለትም ቼክፖይንት (መነሻ ምልክት) እያስቀመጡ ሲሞቱ ከዚያው የሚነሱበትን መለማመጃ፣ የሚንቁ አሉ፤ የሚጠቀሙትም አብዛኞቹ ያበላሹታል። በተለመደው አቀማመጥ እዚያ የሚሰማው የሌቭሉ ሙዚቃ ሳይሆን ሌላ ነው። ስለዚህ መንገዱን ተማሩበት፣ ምቱን ግን በመደበኛው ሞድ አጥኑ። ቼክፖይንቱን ከከባዱ ቦታ ጥቂት ዝላይ ቀድማችሁ አስቀምጡ፤ እሾህ አፍ ላይ ወይም አየር ላይ ካስቀመጣችሁት ስትነሱ ወዲያው ትሞታላችሁ። ልምምዱንም ከመጨረሻው ጀምሩ። ሁልጊዜ ከዜሮ የሚነሳ ሰው የሌቭሉን የመጀመሪያ 30% መቶ ጊዜ ሲያየው የመጨረሻውን 10% አምስት ጊዜ እንኳ አላየውም፤ 94% ላይ እጁ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። መጨረሻውን በተከታታይ 10 ጊዜ ሳትሞቱ ካለፋችሁ በኋላ ወደ 70%፣ ከዚያ ወደ 50% እየተመለሳችሁ ተለማመዱ።